አንድ ቀን በሐረር፦ ከቀትር እስከ ቀትር

ከድሬዳዋ የተነሣው ሚኒባስ ሐረር ሲደርስ ጊዜው ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፏል። በዚያው ዕለት ሊመለሱ ያሰቡት ጎብኚዎች ከሌላው ተሳፋሪ በቀላሉ ይለያሉ፤ ዕቃቸው አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው፣ ገና ሳይወርዱም ረዳቱን የሚጠይቁት የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ነው። በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ገብተዋል፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተዋል፣ በአወዳይ የጫት ገበያ ግርግር መሀል ተጉላልተው አልፈዋል። በሸዋ በር ገብተው ፈረስ መጋላ አደባባይ ሲቆሙ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪኖቹ አንድ ባንድ ዝም ይላሉ፤ የዙሁር አዛን ከአንዱ መስጊድ ተነሥቶ ሌላው እየተቀበለው ከተማዋን ያዳርሳል። ከሶላት በኋላ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ነው። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ የሙዚየሙም በር ለቀትር ዕረፍት ይዘጋል። ጎብኚዎቹ ሰው በሌለባቸው ጠባብ መንገዶች ቀለም የተቀባ ግድግዳ ፎቶ እያነሡ ሁለት ሰዓት ያህል ይዞራሉ። ከተማዋ መልሳ መንቃት ስትጀምር እነርሱ መኪና ፍለጋ ወደ መናኸሪያው ይመለሳሉ።

እነዚህ ሰዎች ሐረርን አላየንም ቢሉ ትክክል ናቸው፤ ጊዜ አጠረን ቢሉ ግን አይደሉም። ሃያ አራት ሰዓት በግንብ ለተከበበችው አሮጌ ከተማ፣ ለጀጎል፣ ብዙ ነው። ግንቡ የሚከበው ቦታ 48 ሄክታር ገደማ ነው፤ ዙሪያው ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው በአንድ ሰዓት ከምናምን ይዞረዋል። ስሕተቱ ያለው ከሃያ አራቱ ሰዓት የትኛው እንደተመረጠ ላይ ነው። በጠዋት ተነሥቶ በማታ የሚመለስ ዕቅድ ከሐረር ቀን ውስጥ ከተማዋ ራሷ የማትፈልጋቸውን ሰዓቶች መርጦ ይወስዳል፤ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ያለውን የፀሐይ፣ የምሳና የዕረፍት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው መንገደኛ ቀኑን ከቀትር እስከ ቀትር ቢቆጥር ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብቶ፣ ግንቡ ውስጥ አድሮ፣ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሠራተኛ በዚህ አቆጣጠር የሥራ ቀን ሳይጎድልበት እሑድ ማታ ቤቱ ይገባል።

የአንድ ቀን ጉብኝት የሚባለው ነገር ልኩ የተቆረጠው ለሌላ ዓይነት ከተማ ነው። ታይላንድ ውስጥ ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዩታያ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1350 ተቆርቁራ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የመንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ በ1767 የበርማ ጦር አቃጥሎ አወደማት፤ ፍርስራሿ በ1991 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባንኮክ ያደረ ጎብኚ በጠዋት ባቡር ሄዶ፣ ብስክሌት ተከራይቶ፣ የቤተ መቅደሶቹን ቅሪት አይቶ ማታ ይመለሳል፤ ያመለጠውም ነገር ጥቂት ነው። የጡብ ግንብ ምሳ አይበላም፣ አይተኛም፣ እንግዳም አያስተናግድም፤ በአራት ሰዓትም በዘጠኝ ሰዓትም ያው ነው። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ ላይ ስትሰፍር ግን የሰፈረችው ሰው የሚኖርባት ከተማ ሆና ነው። በግንቡ ውስጥ አሉ የተባሉት 82 መስጊዶች፣ ሦስቱ እስከ አሥረኛው መቶ ዘመን ድረስ ይዘልቃሉ የሚባሉት ጭምር፣ ሰው የሚሰግድባቸው ናቸው፤ 102 የሚደርሱት የወልዮች አድባሮችም ዝየራ የሚካሄድባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቅርስ የሚታየው ባለቤቶቹ ሲጠቀሙበት ነው፤ የሚጠቀሙበትም በራሳቸው ሰዓት ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሥርዓተ ቅዳሴ ሰዓት ያየና ከቀትር በኋላ ያየ ሰው የተለያየ ነገር አይተው እንደሚመለሱ ብዙ አንባቢ ያውቃል። የሐረርም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጉዳዩ የአንድ ደብር ሳይሆን የመላ ከተማው መሆኑ ነው።

መንገዱም ራሱ ከሰዓት በኋላ መግባትን ያግዛል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ወጪውን ስላበዛው ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰባት አዲስ ጣቢያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ኋላ ድሬዳዋ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በአውሮፕላን ወይም በባቡር ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 1,885 ሜትር ወዳለው ከተማ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር መውጣት ግዴታው ነው። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ደግሞ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ስለተሠራ የባጃጅ ወይም የታክሲ ጉዞ ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ ላይ በዚያው ቀን የመመለሻ ጭንቀት ሲታከልበት ሰውየው ለሐረማያ ሐይቅ እንኳ፣ ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ በቅርብ ጊዜ ውኃ መልሶ መያዝ ለጀመረው፣ አንገቱን አያዞርም። ለማደር የሚሄድ ሰው ድሬዳዋ ላይ በእርጋታ ምሳውን በልቶ፣ ዳገቱን ሳይቸኩል ይወጣል። በጨለማ መንገድ ላይ የመቅረት ሥጋትም የለበትም፤ ሲመሽ የት እንደሚያድር ያውቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀጎል የገባ ሰው የሚያገኛት ከተማ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የገባው ካገኛት የተለየች ናት። የአስር ሶላት ሲቃረብ በሮች መከፈት ይጀምራሉ፤ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ እንደገና ይነሣል፤ ሴቶች ደማቅ ቀለም ባለው ልብሳቸው ለገበያና ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለጥየቃ ይወጣሉ። ጠባቦቹን መንገዶች ለመረዳትም ይህ ሰዓት የተሻለ ነው። መንገዶቹ የቤቶቹን የውጭ ግንብ ተከትለው የተጣመሙ ናቸው፤ የቤቱ ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ነውና ባዶ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ግድግዳ ብቻ ያያል። ሰው በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ግን የትኛው መንገድ ወደ ገበያ፣ የትኛው ወደ አድባር፣ የትኛውስ ወደ አንድ ቤተሰብ ግቢ ብቻ እንደሚወስድ ከሰዉ አካሄድ ይታወቃል። የከተማዋን የቀድሞ ገዢ የአሚር ኑርን መቃብር አረንጓዴ ጉልላት ለማየት፣ የጃሚዕ መስጊድን ሚናራዎች ከውጭ ለመመልከት፣ ወደ አው አባድር አድባር ለመዝለቅ ከአስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ይበቃል። ፀሐይ በሐረር ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ እንደምትጠልቅ ማስታወስም ይጠቅማል፤ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ሦስት ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ትርቃለች፣ የእጅ ሰዓት ግን አንድ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት አስቦ ገና ብርሃን አለ ያለ ጎብኚ ግንቡን ሳይዞር ይመሽበታል።

ሲመሽ ሁሉም የሚጠብቀው ጅብ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ክብደት አለው፦ የጅብ ምገባ ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ከሆነ፣ ለእርሱ ሲባል ማደር የዋህነት አይደለም? በእርግጥ ለጎብኚ የሚቀርበው ምገባ፣ እነ ዩሱፍ ሙሜን በዓለም ያሳወቀውና ልጃቸው አባስ የቀጠለው፣ ያለፈው መቶ ዘመን ልማድ ነው። ከፈላና በርና ከሰንጋ በር ውጭ ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ፣ የመኪና መብራት ተበርቶ፣ ሥጋ በእንጨት ጫፍ እየተንጠለጠለ፣ ደፋር ቱሪስት በአፉ ይዞ ለጅብ እያጎረሰ የሚያልፍ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ብቻ አይቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሮጥ ሰው ትርኢት ብቻ አይቷል። ዳሩ ግን ከትርኢቱ በፊት የነበረና ከእርሱ በኋላም የሚቀጥል ነገር አለ። በየዓመቱ ሙሐረም በገባ በአሥረኛው ቀን፣ በዓሹራ፣ ለጅቦች ገንፎ ይቀርባል፤ አበላላቸውም ለመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ግንቡ ላይ ከታች በኩል የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ውኃ ይወጣባቸዋል፣ ጅብም ይገባባቸዋል። ማርከስ ቤይንስ-ሮክ የተባለ አውስትራሊያዊ አንትሮፖሎጂስት ሐረር ተቀምጦ የጅቦቹን የሌሊት ጉዞ በየመንገዱ ተከትሎ አጥንቷል፤ ያገኘውም በከተማው ሰውና በጅቡ መካከል ትርኢቱ የማያሳየው የረጅም ጊዜ መተዋወቅ መኖሩን ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ በመተላለፊያው የሚሄድ ጅብ ማንም ከፍሎ ያመጣው አይደለም፤ የቀረ አጥንት ሊለቅም የገባ ነው። ኮቴውን ለመስማት ግንቡ ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተቃውሞው የማደርን ጥቅም አያፈርስም፤ እንዲያውም ማስረጃ ይሆነዋል።

የት ይታደራል? ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ ሆቴሎች አሉ፤ አልጋቸው ምቹ፣ መኪና ማቆሚያቸው ሰፊ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዕቅድ ግን የሚሻለው በጀጎል ውስጥ ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ቤተሰቦች ዘንድ ማደር ነው። የሐረሪ ቤት በቀን ለጎብኚ ሲታይ የሚታወሰው ግድግዳውን የሞሉት ስፌቶችና ሳህኖች ናቸው። ሰው ሲገባበትና ሲቀመጥበት ግን ሌላ ሥራ እንደሚሠራ ይገባል። የዋናው ክፍል ወለል በከፍታ የተለያዩ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። በአንደኛው ነደባ የቤቱ ባለቤት፣ በሌላው የተማሩና የተከበሩ ሰዎች፣ በሌላው ወጣቶች እየተባለ ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ እንግዳውም ሳይነገረው የተሰጠው ቦታ ምን ያህል እንደተከበረ ይነግረዋል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነበር። ለአዲስ ሙሽሮች የተለየችው ጠባብ ክፍል ከዋናው ክፍል ጎን ናት። ይህን ሁሉ አስጎብኚ በአሥር ደቂቃ ሊናገረው ይችላል፤ ነገር ግን ማታ ሆጃ ቀርቦ፣ የቡናው ገለባ በወተት የፈላበት ትኩስ ነገር በሲኒ ሲዞር፣ የመደቦቹ ነገር ማብራሪያ አያሻውም። ወጪ ይበዛል የሚል ሰው ሒሳቡን ሙሉ ቢያደርገው ጥሩ ነው። አውሮፕላኑ ወይም ባቡሩ፣ ሚኒባሱ፣ አስጎብኚው ለአንድ ቀንም ለሁለት ቀንም ያው ነው፤ የሚጨመረው አንድ አልጋና አንድ ቁርስ ሲሆን፣ እርሱም በቀጥታ ወደ አንድ የጀጎል ቤተሰብ ይገባል። የቀን ጎብኚ ብር በአብዛኛው የሚቀረው በድሬዳዋና በመንገድ ላይ ነው። መታጠቢያው የጋራ ሊሆን እንደሚችል፣ ውኃም ሊቋረጥ እንደሚችል ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ የሐረር የውኃ ችግር የቆየ ነው።

ታሪክ አዋቂ ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ ያነሣል። ሐረር ራሷ እኮ ለእንግዳ ማደርን የምትፈቅድ ከተማ አልነበረችም። አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጉ ነበር፤ ቁልፋቸውም ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር። ከዙሪያው ገጠር እህልና እንጨት ይዞ የገባ ገበሬ ሸጦ ከመምሸቱ በፊት ይወጣል። ታዲያ የቀን ጉብኝት ከማንም በፊት የሐረር የራሷ ሥርዓት አይደለም? መልሱ፣ በሩ ይለይ የነበረው እንግዳን ከእንግዳ ነው የሚል ነው። ለንግድ የመጣ ሲራራ ነጋዴ በዋስ ያድር ነበር፤ ሃይማኖት ሊማር የመጣ ደረሳ ወራትና ዓመታት ይቀመጥ ነበር፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሐረር በእስልምና ትምህርትና በንግድ የታወቀችውም በእነዚህ በሚያድሩት እንግዶች ነው። የሚለየው ከከተማዋ ሰው ጋር ያለው ትስስር ነበር። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል፤ አሥሩንም ቀን የአሚሩ ዓይን ሳይነቀልበት፣ እንደ ፈለገ መንቀሳቀስ ሳይችል፣ መቼ ይለቁኝ ይሆን እያለ አሳለፈ፤ ስለ ከተማዋ የጻፈውም አብዛኛው የተመረረ ነው። አንድ ቀን አይበቃም፣ ቢያንስ ሳምንት ያስፈልጋል ለሚሉትም የበርተን ቆይታ በቂ ምላሽ ይመስለኛል። የቀን ብዛት ብቻውን ከተማን አያሳይም። ሳምንት ያለው ይቀመጥ፤ ወደ ባቢሌ ወርዶ የዳካታን ድንጋዮች ይይ፣ ወደ ኮሮሚ ሄዶ የአርጎባን መንደር ይጎብኝ። እዚህ የምንመክረው ግን አንድ ቀን ብቻ ያለውን ነው።

ማግስቱ ጠዋት የዚህ ዕቅድ ትርፍ በግልጽ የሚታይበት ነው። ከሱብሒ ሶላት ጥቂት ቆይቶ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው የመጀመሪያው ጎብኚ ገና አውሮፕላን ማረፊያ ሳይደርስ፣ ከዙሪያው ቀበሌ የመጡ የኦሮሞ ሴቶች ማገዶ፣ አትክልትና ወተት ይዘው በበሮቹ ይገባሉ። በር ማለት ምን እንደሆነ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው፤ ገጠሩና ከተማው የሚገበያዩበት፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ዋጋ ክርክር ውስጥ የሚደባለቁበት ቦታ። ቁርሱ ፈቲራ ወይም ፉል ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰዓት ገደማ በግድር መጋላ የሥጋው ገበያ ይደምቃል፤ ጭልፊቶች ከጣሪያው ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ፣ እጁን ያልጠበቀ ገዢ ሥጋውን ይነጠቃል። ከዚያ ወዲያ የሙዚየም ሰዓት ነው፤ አንድ ብቻ ይመረጥ ከተባለም የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ይመረጥ። አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ሳንቲሞች፣ አልባሳትና የድምፅ ቅጂዎች በአንድ ሰው ትጋት ምን ሊድን እንደሚችል ያሳያሉ። የራምቦ ቤት የሚባለውን ከዝርዝሩ አንደኛ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ለንግድ ሐረር እየተመላለሰ መኖሩ እውነት ነው፤ ይህ ያማረ የእንጨት ሥራ ያለው ቤት ግን የእርሱ መኖሪያ አልነበረም፣ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ለድሮ ፎቶግራፎቹና ከላይ ለሚታየው የጣሪያዎች እይታ ይሂዱ፤ ለራምቦ ሲሉ ግን ከጠዋቱ ገበያ ላይ ሰዓት አይቁረጡ።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የነዋሪው ነው። ጎብኚ በቀትር መጥቶ ሲሄድ ቢያንስ ሰውን ከቤተሰቡ ጋር በሚሆንበት ማታና ጠዋት አይረብሽም፤ አዳሪው ግን ወደ ሰው ጓዳ ይገባል፣ ካሜራውን ይዞ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በተለይ የሴቶች ፎቶ ያለ ፈቃድ ማንሣት በጀጎል የቆየ ቅሬታ ነው። ነገር ግን ማን የበለጠ እንደሚያስቸግር እንመልከት። አራት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ይቸኩላል፤ በተከፈተ በር ሁሉ አንገቱን ያስገባል፤ ነገ የማያገኘውን ሰው ለማስፈቀድ ጊዜ የለውም። ያደረ ሰው አስተናጋጅ አለው፤ ጥፋት ቢያጠፋ ስሙ የሚነሣው የዚያ ቤት ነውና አስተናጋጁ አስቀድሞ ይመክረዋል፦ እዚህ ጫማ ይወልቃል፣ እዚያ ካሜራ አይወጣም፣ በዚህ አድባር ዝየራ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ቆይተን እንመለስ። በአካባቢው ፈቃድ ያለው አስጎብኚም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ለመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ መያዙ ተገቢ ነው፤ ለጠዋቱ ገበያ ግን ብቻ መሄድ ይቻላል፣ ጠባቧ ከተማ ውስጥ የጠፋ ሰው ወደ ታች ቢወርድ ግንቡን፣ ወደ ላይ ቢወጣ ፈረስ መጋላን ማግኘቱ አይቀርም።

ዕቅዱን የሚለውጡ ቀኖች አሉ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ ከረፋድ ጀምሮ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሐሙስ ገብቶ ዓርብ መውጣት ጥሩ ምርጫ አይደለም፣ ዓርብ ገብቶ ቅዳሜ መውጣት ግን ያስኬዳል። በረመዳን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ቀኑ ጸጥ ይላል፣ ከተማዋ ከኢፍጣር በኋላ እስከ ሱሑር ትነቃለች፣ የቀን ጎብኚ ምንም አያገኝም፣ አዳሪው ሁሉንም ያገኛል። ከረመዳን ቀጥሎ በሸዋል ወር የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ደግሞ ሹዋሊድ ይመጣል፤ ሦስት ቀን የሚከበረው ይህ የሐረሪዎች በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከበሮውና ዚክሩ በአው ሹሉም አድባርና በአስማዲን (ሸዋ) በር አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል፤ ከውጭ አገር ያሉ ሐረሪዎችም ለዚሁ ብለው ስለሚመጡ በጀጎል ውስጥ የሚከራይ አልጋ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን ለመሄድ ያሰበ ሰው ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት መኝታውን ይያዝ፤ የበዓሉም ቀን ከጨረቃ ጋር የሚሄድ ስለሆነ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ እንደሚመጣ አይርሳ።